ትከሻ የሌላት «ቢ»

ሰኞ
«ስሙ ከመኪና ላይ ይነበብ፤ ሌላ ምንም አልልህ» አሉኝ እትዬ ከድጃ። አስፋልቱ ዳር፣ ከመርሳ መናኸሪያ አለፍ ብሎ፣ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ምግብ ቤት ሊከፍቱ ነው። ታፔላውን እኔ ልጽፍ። ስሙ «ቢላል ምግብ ቤት»።

ቢላል ባላቸው ነበር። ከደሴ እስከ አላማጣ አይሱዙ ሲነዳ የኖረ፣ በዚህ መንገድ የማያውቀው ሾፌር የለም። ባለፈው ክረምት ሞተ። ጓደኞቹ ስሙን ካዩ ይቆማሉ፣ ምሳቸውንም እዚያ ይበላሉ፤ የሴትዮዋ ተስፋ ይኸው ነው። ካላዩት ፊት ለፊት መቆም የለመዱት ሌላ ምግብ ቤት አለ። ቤቱ ካልሠራ ደግሞ እትዬ ከድጃ ዕቃቸውን ሸክፈው ሐራ፣ ወንድማቸው ቤት መግባታቸው ነው። «ሰው ቤት ከመቀመጥ ያውጣኝ» አሉ። ፊደል አልቆጠሩም። አምነው ለኔ ሰጡኝ።

አብሽሩ አልኳቸው። ምን አስቸኮለኝ? እኔ የማውቀው አንድ ፊደል ነው፤ የመፈክር ፊደል። ወፍራም፣ ቀጥ ያለ፣ ከሩቅ የሚጮህ። ለቀበሌ ስብሰባ ይሆናል። ምሳ ሊበላ የመጣ ሰው ላይ ግን ይጮሃል እንዴ? ሌላ ዓይነት ፊደል ፍለጋ ነገ ወልድያ እሄዳለሁ።

ማክሰኞ
ወይ ጉድ! ወይ ጉድ!

ወልድያ ኮምፒውተር ጽሕፈት የምትሠራ ሰናይት የምትባል ልጅ አለች። «ቢላል» ብላ አንዴ ጻፈችና መልኩን ትቀያይርልኝ ጀመር። መጀመሪያ የብራና ዓይነት መጣ፤ ቁልቁል ሲወርድ ወፍራም፣ ሲጋደም ቀጭን፣ ልክ እንደ መቃ ብዕር። እግሩ ሥር ትንንሽ ጫማ አለው። ዕድሜዬን ሙሉ መጽሐፍ ላይ ሳነበው ጫማውን አይቼው አላውቅም! ከዚያ ወፍራም ቀጭን የማይል፣ ሁሉ መስመሩ እኩል የሆነ፣ ጫማም የሌለው፤ የኔ መፈክር ዘመድ። ከዚያ የእጅ ጽሑፍ የመሰለ፣ የሰርግ ጥሪ ላይ የሚወጣው። ከዚያ አጌጥኩ ብሎ አበባና ቅጠል ያወጣ፤ እሱስ ይቅርብኝ።

ቃሉ አንድ ነው። ግን አንዱ ቢላል ሼህ ይመስላል፣ አንዱ ወታደር፣ አንዱ ሙሽራ። ፊደል ፊደል ነው ብዬ ነበር እኮ የኖርኩት!

«ጋሼ፣ ቀለሙን ብቻ አይዩ፤ ባዶውንም ይዩ» አለችኝ። በፊደልና በፊደል መሀል፣ በፊደሉ ሆድ ውስጥም ያለው አየር ካልተመጣጠነ ዓይን ይደናቀፋል አለች። ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ ሲሪንቃ እስክንደርስ የመንገድ ታፔላ ስቆጣጠር ነበር። አብዛኞቹ ትንፋሽ አጥሯቸዋል። የጻፍኳቸው እኔ ነኝ።

የመረጥኩት ግን በመጨረሻ ያሳየችኝን ክብ ፊደል ነው። ማዕዘን የሚባል የለውም፣ ሁሉ ነገሩ ዙር፣ ዓይን ላይ ቅቤ ነው። ሰናይት በትልቁ አትማ ስትሰጠኝ «እኔ የወረቀት ሰው ነኝ፤ ለታፔላ ይሁን አይሁን አላውቅም» አለች። አልሰማኋትም።

ረቡዕ
ላሜራውን ነጭ ቀባሁ፣ ደረቀ፣ ደገምኩ። ፊደሉ አረንጓዴ። አየሩን እንደተነገረኝ አመጣጠንኩ። እንዲህ ያለ ሥራ ከእጄ ወጥቶ አያውቅም። እትዬ ከድጃ አይተው «ማሻአላህ!» አሉ። ሰቀልነው። ቆሜ ሳየው ሳየው እግሬ አልሄድ አለኝ።

ሐሙስ
ምነው ወልድያን ባልረገጥኩ!

ጠዋት የቢላል ጓደኛ አሊ ሚኒባሱን ሳያቆም በመስኮት «እትዬ፣ ሊላል ደግሞ ማነው?» ብሎ አለፈ። መናኸሪያ ያሉትማ ባሱ። «ምግብ ሌት! ቀን ቀን አይበላበትም ማለት ነው?» ይሳሳቃሉ። እትዬ ከድጃ ሁሉን ሰሙ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ በተሻለኝ።

«አንተ ሞላ፣ ባሌን ምን አደረግኸው?» አሉኝ።

መንገዱ መታጠፊያ ድረስ ሮጬ ዞር አልኩና ዓይኔን ጠበብ አድርጌ አየሁ። እውነትም ሊላል! እውነትም ሌት!

ከዚያ ገባኝ። «ቢ» እና «ሊ» እግራቸው አንድ ነው። «ቤ» እና «ሌ»ም ቀለበታቸው ሳይቀር አንድ ነው። የሚለያቸው አናታቸው ብቻ ነው፤ የ«በ» ቤተሰብ አናቱ ጠፍጣፋ፣ የ«ለ» ቤተሰብ አናቱ ጎባጣ። ክቡ ፊደሌ ማዕዘኑን አሽቶ አሽቶ ሁሉንም አንድ ቤተሰብ አደረጋቸው። ወረቀት ላይ በቅርብ ይለያል፤ ከሚሮጥ መኪና ላይ ግን አይለይም። አጀብ እኮ ነው! ጣት የማታህል ማዕዘን ሰውን ከስሙ ትለያለች። ያ የናቅሁት መፈክሬ ይህን አይስትም ነበር።

ለእትዬ ከድጃ ግድግዳው ላይ በኖራ ጻፍኩላቸው። «ይቺ የጎበጠችው ላ ናት። ይቺ ትከሻዋን ያሰፋችው ቢ ናት፤ ስሙ የሚጀምረው በሷ ነው። ትከሻዋን ነው የበላሁባት፤ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው።

በጣታቸው ተከተሏት። ወጡ፣ ቀጥ አሉ፣ ወረዱ። ደግመው ተከተሏት።

«የሱም ትከሻ እንዲህ ነበር» አሉ። «በሩ አይበቃውም፣ በጎኑ ነበር የሚገባ።»

ታፔላውን አውርጄ ተሸክሜ ሄድኩ።

ዓርብ
ገና ሳይነጋጋ ጀመርኩ። ክቡን ፋቅሁት። የመፈክሬን ቀጥ ያለ መስመር ወሰድኩ፤ ውፍረቱን ግን ቀነስኩለት፣ አየሩን ሰናይት እንዳለችው ሰጠሁት። ጩኸቱ ቀረ፣ ጥራቱ ቆየልኝ። የ«ቢ»ን ትከሻ ከሚገባው በላይ ሰፋ አደረግሁት፤ እያወቅሁ ነው። «ላ»ን አጎበጥኳት። መታጠፊያው ድረስ እየሄድኩ እየተመለስኩ አየሁ።

ከጁምዓ በፊት ሰቀልነው። ሰው ከመስጊድ ወጣ፣ ጎረቤት መጥቶ መረቀና ሄደ። ከዚያ ጭር አለ። አንድ ሚኒባስ አለፈ። አንድ አውቶቡስ ፊት ለፊት ካለው ምግብ ቤት ቆመ። እትዬ ከድጃ ንጹሑን ጠረጴዛ ይወለውላሉ። እኔ የቀመስኩት የለም። ሄደህ ተኛ ይለኛል ልቤ፤ እግሬ እንቢ።

ከወልድያ በኩል አንድ አይሱዙ በፍጥነት መጣና አለፈን። አለቀ አልኩ። ወዲያው ፍሬን ሲጮህ ሰማሁ። ወደ ኋላ መጣ፣ መጣ፣ ታፔላው ሥር ቆመ። የማላውቀው ሾፌር አንገቱን አወጣ።

«ይሄ የኛ ቢላል ነው?»

እትዬ ከድጃ እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ ወጡ። መጀመሪያ ቀና ብለው ታፔላውን አዩት፤ ጣታቸው በአየር ላይ ያቺን ትከሻ ተከተለች።

«እሱው ነው» አሉ። «ግባ።»