ስለ ሰበርኩት ቴሌቪዥን

ናንህዊ፣

በባዶ እግርሽ ሳሎን እንዳትገቢ። የቻልኩትን ጠርጌያለሁ፤ ሶፋው ሥር ስብርባሪ አልቀረም ግን አልልም።
የግንባርሽን ፋሻ ቀይሪው። ቁስሉ ካመረቀዘ ክሊኒክ ሂጂ።
የጎመን ኪምቺው ኮምጥጦ ደርሷል፣ ብዪ።

መዶሻውን ያነሳሁት አንቺን ልመታ አይደለም። ስባሪው ግንባርሽን ሲሰነጥቀው ግን አይቻለሁ፤ አይቼም አላቆምኩም። ቴሌቪዥኑን እስኪደቅ ደበደብኩት።

አብረን የምናየውን የሰማንያዎቹን ዘመን ድራማ ከአንቺ እኩል እወደው ነበር። ሰፈሩ የልጅነት ሰፈሬን ይመስላል። እናቶቹ ልጆቻቸውን ለእራት ሲጣሩ የእናቴ ድምፅ ይመጣብኛል። ትናንት ያ ወታደር በር ላይ ቆሞ ለልጅቷ አበባ ሲሰጣት፣ "እትዬ ማልሱን፣ ምነው በሰማንያዎቹ በኖርኩ! ሰው እንዴት ይዋደድ ነበር!" አልሽ።

እኔ ኖሬበታለሁ። በ1980 በዚያ ግንቦት፣ ጦሩ ሕዝቡን ሲጨፈጭፍ፣ እዚሁ ጓንግጁ፣ እንዲያ ያለ መለዮ የለበሱ ወታደሮች ወንድሜን ጆንግቴን ከጎኔ ነጥቀው ከአውቶቡስ አወረዱት። ጭንቅላቱን በዱላ ሲቀጠቅጡት በመስኮቱ አየሁ። "ኧረ ስለ እናታችሁ!" ብዬ ስጮህ አንዱ ቀና ብሎ ሳቀብኝ። አንቺን እንኳ በዕድሜ የማያክል ልጅ ነበር። እናቴ ሬሳውን የለየችው በጥርሱ ነው፤ ፊት አልነበረውም።

አባትሽ ያኔ ወታደር እንደነበረ ነግረሽኛል። የት እንደዘመተ ጠይቄሽ አላውቅም።

ሞክፖ ከተማ፣ እህቴ ቤት ነኝ። እስቲ አባትሽን አንቺ ጠይቂው። በዚያ ግንቦት ጓንግጁ ካልነበረ ደውዪልኝ፤ በማግስቱ እመለሳለሁ።

ማልሱን