ስለ ታፔላዎቹና ስለ አቶ ፈንታ በግ

ይድረስ ለክቡር የዩኒቨርሲቲው የአካባቢ ጥናትና የኅብረተሰብ ትምህርት ማስተባበሪያ ኃላፊ፤

ክቡር ሆይ፣ የመንደራችን የቀየት ውርጭ ሳይነካዎ፣ ጉልበትዎም ከስብሰባ ስብሰባ ሳይዝል ይህ ደብዳቤ በደህና እንዲደርስዎ እመኛለሁ። እኛ፣ አምላክ ይመስገን፣ ከአንዲት በግ በቀር ሁላችንም ደህና ነን።

በ2001 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲው ግቢ የመድኃኒት ዕፀዋት ማሳያውን ሲያቋቁሙ፣ «እማማ፣ ዕውቀትዎን ያካፍሉን» ብለው ደጄ ድረስ ስለመጡ፣ ስድሳ ሁለት ዓይነት ተክል ከነሥሩ አምጥቼ፣ የእያንዳንዱን ስምና ጥቅም እየነገርኩ በእጄ ተክያለሁ፤ እናንተም የነገርኳችሁን በታፔላ ጽፋችሁ ከየተክሉ አጠገብ አቆማችሁ። ስለዚሁ የሦስት ቀን ሥልጠና ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ። ወጣቱ አሠልጣኝ ስለ ጦስኝ ከወረቀት እያነበበ ሲያስረዳኝ፣ ስድሳ ዓመት ሙሉ ሳልሠለጥን መኖሬ ገባኝ።

አንደኛው ቅሬታዬ፣ በሥልጠናው መዝጊያ «ከእንግዲህ ያገኛችሁትን ሰው አትጠይቁ፣ ታፔላውን አንብቡ» ማለትዎ ነው። አብሮኝ የሠለጠነው ጎረቤቴ አቶ ፈንታ ታዛዥ ሰው ነው፤ ቃልዎን ጠበቀ።

ሁለተኛ፣ የየካቲት ነፋስ ታፔላዎቹን ጣላቸው። ዘበኛው አቶ በኃይሉ፣ ፊደል ያልቆጠሩ ደግ ሰው፣ አንድ በአንድ አንስተው የመሰላቸው ቦታ ላይ ተከሏቸው። በዚያው ሳምንት የፈንታ እርጉዝ በግ ሆዷ ተነፋ። እሱም «ለበግ ሆድ መንፋት» ከሚለው ታፔላ ሥር ያገኘውን ቅጠል ጨምቆ አጠጣት። ቅጠሉ ባለሙያዎችዎ ኋላ ከመርሐቤቴ ቆላ አምጥተው የተከሉት፣ እኛ ደገኞች የማናውቀው መርዝ ነበር። ስደርስ በጓ ሞታ፣ እሱ አጠገቧ ተንበርክኮ አገኘሁት። «ምነው ሳትጠራኝ?» ስለው፣ «ተጽፎ አይቼ ነው፣ እትዬ» አለኝ። ክቡር ሆይ፣ በዚህች ቃል ላይ የምጨምረው የለኝም።

ሦስተኛ፣ በማግስቱ ማሳያው ገብቼ ታፔላዎቹን ወደየቦታቸው ስመልስ ተያዝኩ። «የምርምር ንብረት በማዛባት» የሚለው ማስጠንቀቂያ ደርሶኛል፤ ግቢው እንዳልገባ በመከልከሌም እግሬ ስላረፈ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ታፔላዎቹ ግን «ባለሙያ እስኪያጣራ» ተብለው ወደ ስሕተታቸው ተመልሰዋል።

ተማሪዎችዎ አጥሩን እየዘለሉ ጓሮዬ ይመጣሉ። አንዷ «እማማ፣ መምህሩ እርስዎን ጠይቁ አሉን፤ ግን እንዳትናገሩ ብለዋል» አለችኝ። እኔም ያለ ፈቃድ እያስተማርኩ መሆኔን በአክብሮት አሳውቃለሁ።

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያንን መርዝ ያስነቅሉልኝ። የሚቀጥለው ታዛዥ ሰው ቅጠሉን የሚቀጥፈው ለልጁ ሊሆን ይችላል።

ሥልጣንዎን የምታከብር፣ ምስክር ወረቀቷን ከምድጃው ራቅ አድርጋ የሰቀለች፣ የተመረቀች ሠልጣኝ፣
አያልነሽ ወንዳፈራሁ፣ ከቀየት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን የጻፈችልኝ ልጄ ኮከብ የእርስዎው ተማሪ ናት። በፈተናችሁ ላይ «የአገር በቀል ዕውቀት ባለቤት ማን ነው?» ለሚለው «እናቴ» ብላ ጽፋ ዜሮ አግኝታለች። እርማቱን አልቃወምም፤ ትክክለኛው መልስ የእርስዎ ስም መሆኑን ሳልነግራት መቅረቴ የእኔ ጥፋት ነው።