የወንድም ዳዊት ፒክአፕ

ሰኞ፣ የካቲት 2፣ ጠዋት 12፡40፣ ማታቱ ውስጥ

ዛሬም በኬንያ ሚኒባስ ወደ ሥራ፣ ወደ ኢምባካሲ። የጭነት መጋዘኑ 2 ሰዓት ይከፈታል፣ መንገዱ ግን ከአሁኑ ተዘግቷል። አንተ ደብተሬ ጉልበቴ ላይ፣ አጠገቤ ቲማቲም በከረጢት የታቀፉ ሴትዮ። ጽሑፌ ከተንቀጠቀጠ ሾፌሩን ውቀስ።

ደብተሬ፣ ትናንት ያልጻፍኩልህ ተናድጄ ነው። ኢስትሊ ሰፈር፣ ሐበሾች የምናመልክበት ቤ/ክ። ጸሎት ላይ ነን፣ ሁሉም ዐይኑን ጨፍኗል፣ ጸጥ ረጭ። ጊታሬ ዝዝዝዝዝ አለ። እጄን አላሳረፍኩበትም። የአዳራሹ አምፖልና ያረጀው የመብራት መስመር ተባብረው ጊታሩ ውስጥ ይገባሉ፣ እንደ ዝንብ ይጮኻሉ። ከጸሎት በኋላ ጋሽ ተሾመ ጠሩኝ። ሽማግሌያችን ናቸው፣ የአምልኮ ቡድኑ ኃላፊም እሳቸው። በትሕትና ተናገሩኝ፣ እሱ ነው ያቃጠለኝ። እስከ የካቲት 15 ዝም ካላለ ጊታሩ ከመድረክ ይውረድ፣ ኪቦርዱ ይበቃናል አሉ። አሥራ አንድ ዓመት ያገለገልኩበትን!

ጥፋቱ የጊታሩ አይደለም፣ የፒክአፑ ነው። ከክሮቹ ሥር የተቀበረችው፣ ሽቦ የተጠቀለለባት ማግኔት። የጊታር ጆሮ በላት። የኔዋ ባለ አንድ ጥቅል ናት። ድምፅዋ የጠራ ነው፣ ግን የሰፈሩን ወሬ ሁሉ ትሰማለች። ትቀየራለች። እዚያው ለጋሽ ተሾመ ቃል ገባሁ፦ ለአገልግሎቱ በራሴ ወጪ አዲስ ፒክአፕ እገዛለሁ።

እንባ አቀረሩ። ገረመኝ። ድምፅ እንዲህ የሚገባቸው ሰው አይመስሉኝም ነበር።

ማክሰኞ፣ የካቲት 3፣ ማታ 1፡15

እራት በላን፣ ከዚያ ተጣላን።

ሶስና ልጄ፣ 17 ዓመቷ፣ ፎርም ፎር፣ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ። ጊታሩን ያስተማርኳት እኔ፣ የምትመታው ግን እኔ ያላስተማርኳትን። ዓርብ የካቲት 13 በት/ቤቷ አዳራሽ ከሦስት ሴት ጓደኞቿ ጋር መድረክ ትወጣለች። ከባድ ሮክ። ግድግዳ የሚያፈርስ ዓይነት። በቤቱ ያለው ጊታር ይኸው አንዱ ነው፣ ፒክአፕ የምገዛውም አንድ ነው።

እኔ የጠራ ድምፅ እፈልጋለሁ፣ በትዝታ ቅኝት አንድ ክር ስነካ እንደ ሰው የሚናገር። እሷ የሚያጓራ ትፈልጋለች። የሚያጓራው ለኔ ጭቃ ነው፣ የኔው ደግሞ ለእሷ የንብ ቀፎ። ሁለቱንም የሚችል አለ ብላ ከስልኳ አነበበችልኝ። ለሁለት ጌቶች መገዛት የሚቻለው የለም ብዬ በቃሉ ዘጋኋት። ጊታሩ ሲ ያኮ ፔኬ ያኮ አለችኝ። የኔ ብቻ አለመሆኑ በገዛ ቤቴ በስዋሂሊ ተነገረኝ። እናቷ ከጓዳ ሳቀች።

ከአምልኮ ቡድኑ ከወጣች ስድስት ወር ሆናት። ቤ/ክ ስትመጣ የኋላ ወንበር ላይ ነው። ጊታሩንም ካጣሁት ከእሷ ጋር ምን እንደምናወራ አላውቅም። ይኼን ላንተ ብቻ ነው የምናገረው።

ቅዳሜ፣ የካቲት 7፣ ከሰዓት 10፡00

ከሶስና ጋር ከመሃል ከተማ መመለሳችን ነው። ጊታር ጠጋኙ ፉንዲ ካማው ዘንድ። አሮጌ ሕንፃ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ የተከፋፈቱ ጊታሮች ግድግዳው ላይ ተሰቅለው። አንድ መሞከሪያ ጊታር አለው፣ ጀርባው የተቀደደ፤ ፒክአፕ እንደ መሳቢያ ይገባል ይወጣል። ሰው በዐይኑ ነው የሚመርጠው ይላል፣ ስለዚህ ፊታችንን ወደ ግድግዳ አዞረን።

ከመዞሬ በፊት ግን አየኋቸው። አንደኛው ኃይለኛው፣ የሶ. ምኞት። ሁለተኛው ባለ አንድ ጥቅሉ፣ ዋጋው ራሱ የሚዘምር። ሦስተኛው ቀጭን ነገር፣ ሁለት ጥቅል ጎን ለጎን፣ ሃምበከር የሚሉት፤ ሁለቱ ጥቅሎች በተቃራኒ አቅጣጫ ስለተጠቀለሉ ጩኸቱን እርስ በርስ ያጠፋፉታል። የድምፅ ቁልፏን ወደ ላይ ስትስብ አንዱ ጥቅል ይተኛል፣ ድምፁ ይጠራል። ስትገፋ ሁለቱም ይነሣሉ፣ ይወፍራል። እሱን ገና ሳልሰማው ንቄዋለሁ።

ለካማው ጆሮዬን አስተዋወቅሁት። አሥራ አንድ ዓመት፣ ሺህ መዝሙር። አልሳሳትም አልኩት፣ ያውም በስዋሂሊ ነው የፎከርኩት።

ሦስቱንም እየቀያየረ መታልን፣ መጀመሪያ በጠራ ድምፅ፣ ኋላ በዲስቶርሽን፣ በሚያጓራው። በጠራው ዙር አንዱ ላይ እጄን አነሣሁ፦ ይኼ ነው፣ ውዱ ነው፣ ማንም ሊያታልለኝ አይችልም! ሶ. ደግሞ በዲስቶርሽኑ ዙር እጇን አነሣች፦ ኃይለኛው ይኼ ነው። ዞርን። ሁለታችንም የመረጥነው የናቅሁትን ቀጭን ነበር። አይደገምም ብዬ አስደገምኩ። ያው ሆነ።

ካማው አልሳቀም፣ ጨዋ ሰው ነው። ሶ. ግን ደረጃው ላይ እስከ መሬት ሳቀች። ኩራት እራቴ ስል የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ዛሬ ምሳዬም ሆነ። ገዛነው።

እሑድ፣ የካቲት 8፣ ቀን 8፡30

ደብተሬ ሆይ፣ ዛሬ ደረቴን ነፍቼ ነው የምጽፈው!

ጋሽ ተሾመ በማስታወቂያ ሰዓት አስነሡኝ። ወንድም ዳዊት ለጌታ ሥራ ፒክአፕ ሊያመጣ ልቡ ተነሣሥቷል፣ በሚቀጥለው እሑድ እናየዋለን፣ እንባርከዋለን አሉ። አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። እናቶች ጉንጬን ሳሙኝ። አንዲት አሮጊት እግራቸውን አሳዩኝ፣ በጣም ያብጥባቸዋል፣ እግዚአብሔር ዐየልኝ አሉ። እግርና ፒክአፕ ምን እንዳገናኘው አልገባኝም፣ ግን አሜን አልኩ።

ስለ ሃምበከር እልል የሚል ጉባኤ በዓለም ላይ የኛ ብቻ መሆን አለበት። ኮራሁባቸው። በራሴም።

ማክሰኞ፣ የካቲት 10፣ ቀን 7፡20፣ መጋዘን

ጉድ ፈላ።

ምሳ ላይ ታምራት ደወለ፣ ከመዘምራኑ። በነጻ ላገልግል ይላል። ደስ አለኝ። ሲንግል ነው ደብል? ብሎ ጠየቀኝ። እንዴት ዐዋቂ ነው! ደብል ነው፣ ሲያስፈልግ ግን ሲንግል ይሆናል አልኩት። እንዴት ሆኖ? አለ። በጣም ተደነቀ። ቀጥሎ ምን ቢል ጥሩ ነው? የቤ/ክ ወንበሮች በአንድ ምልልስ ያልቃሉ ወይ? የኬንያ መንጃ ፈቃድ አለኝ፣ ሾፌር አትፈልጉ።

መኪና።

መኪና ነው የመሰላቸው! ጭነት የምትጭነዋ ፒክአፕ፣ ባለ ሲንግል ወይም ባለ ደብል ካቢን። የጋሽ ተሾመ እንባ፣ እልልታው፣ የአሮጊቷ እግር፣ ሁሉም ለመኪና ነበር። ስለ መኪና ማቆሚያ ቦታ ሁሉ ተነጋግረዋል አሉ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፣ ከተማው ሁሉ ያወቀውን እኔ ብቻ አልሰማሁም። ያውም እኔ ባለ ጆሮው!

ለታምራት እሑድ እናወራለን ብዬ ዘጋሁ። እንጀራዬን መልሼ ከደንኩት። እሑድ አሞኛል ልል አስቤያለሁ።

ሐሙስ፣ የካቲት 12፣ ማታ 12፡50

ለሶ. ነገርኳት። ሆዷን ይዛ ሳቀች፣ ኋላ ግን ፊቴን አየችና አቆመች። እሑድ አብሬህ እቆማለሁ አለች። ከኋላ ወንበር ሳይሆን ከጎንህ።

ፒክአፑን ገጠምነው። እኔ ባትሪ ያዝኩ፣ እሷ በየደች። አራት ቀጫጭን ሽቦ፣ አንዱ ቢሳሳት ድምፅ የለም። ባትሪውን ወዲያ ወዲህ ሳንቀሳቅስ ዳድ፣ ፖሌ ፖሌ አለችኝ፣ ቀስ በል። ቁልፏ ሥር ፕላስተር ለጠፈች፣ በአማርኛ ጻፈችበት፦ ሲዘመር ሳብ፣ ሲጸለይ ግፋ። አንድ ጥቅል ብቻውን ሲቀር ዝንቡ ይመለሳልና። "ግፋ"ን "ጋፋ" ብላ ጽፋዋለች። አላረምኳትም።

ዓርብ፣ የካቲት 13፣ ማታ 1፡30

ከት/ቤቷ ተመለስን። ጆሮዬ አሁንም ይጮኻል።

ከባድ ነው፣ አልዋሽህም። ግን ጭቃ አይደለም! እያንዳንዱ ክር በዚያ ሁሉ ጩኸት ውስጥ ይለያል። መሃል ላይ አቆመች። ቁልፏን ሳበች፣ ድምፁ ጠራ፣ ብቻዋን በትዝታ ቅኝት አራት መስመር ተጫወተች። የኔን የጣት አጣጣል፣ የኔን ማዘግየት። ከዚያ ገፋችና ጣሪያውን አነሣችው። አጠገቤ የነበሩ አባት ልጅህ ናት? አሉኝ። አዎ ስል ድምፄ ከአምፕሊፋየሩ በለጠ።

እሑድ፣ የካቲት 15፣ ቀን 8፡10

ሄድኩ። አላመመኝም።

ጋሽ ተሾመ መኪናዋን ፍለጋ ግቢውን ሁለቴ ዞረው ገቡ። መድረክ ላይ ጠሩኝ፣ ሶስናም ከጎኔ ቆመች። ጊታሩን አነሣሁና ይኸውና ፒክአፑ አልኩ። ጣቴን አስቀመጥኩበት፣ ከጣቴ ብዙም አይበልጥም። ጥፋቱ የኔ ነው፣ በደንብ አልተናገርኩም፣ እልልታውንም ሳልጠይቅ ተቀበልኩ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ይቅርታ አልኳቸው።

አሮጊቷ እግራቸውን ሰበሰቡ። እሱ አሁንም ያመኛል፤ ማክሰኞ ሐኪም ቤት ልወስዳቸው ነው፣ በማታቱ።

ጋሽ ተሾመ እንጸልይ አሉ፣ ሌላ ምን ይበሉ። ዐይኔን ጨፈንኩ። ዝዝዝዝ። በመደንገጤ ቁልፏን ስቤ ትቻታለሁ! እጄ ደረቀ። አለቀ፣ ጊታሩ ወረደ አልኩ በልቤ። ከጎኔ አንድ እጅ ተዘረጋና ገፋው። ጠቅ።

ጸጥታ። እንደዚያ ያለ ጸጥታ በዚያ አዳራሽ ሰምቼ አላውቅም። ጋሽ ተሾመ ጸሎቱን አቁመው አንድ ዐይናቸውን ከፈቱ፣ አምፖሉን አዩ፣ ጊታሩን አዩ፣ እንደገና ጨፈኑ። አሜን ብለው ሲጨርሱ ወደ ድምፅ ማጉያው ጠጋ አሉና፣ በዚያ በተለመደ ትሕትናቸው፣ "ለመሆኑ ወንድም ዳዊት፣ ይቺ ፒክአፕ ስንት ሰው ትጭናለች?" አሉ።

ጉባኤው በሳቅ ፈነዳ። እኔ ሶስናን አየኋት። እጇ ገና ቁልፏ ላይ ነው።

ሁለት፣ አልኳቸው።

ጊታሩ ከመድረክ አይወርድም፣ ተወስኗል። የኔን ውሳኔ ደግሞ እዚህ ልጻፈው፣ እንዳልክደው፦ ከሚመጣው እሑድ ጀምሮ የምትመታው እሷ ናት። እኔ ከኋላ፣ ድምፅ መቆጣጠሪያው ጋ እቀመጣለሁ፤ ጆሮ እንደሆነ አለኝ። ጠይቄያት እሺ ብላለች፣ በአንድ ቅድመ ሁኔታ፣ በወር አንድ መዝሙር ላይ ቁልፏን እንድትገፋና እንደ ልቧ እንድታጓራ።