አባትህ ያላለው ቃል

ቤሪያ፣ ጆሀንስበርግ
ጥቅምት 2014 ዓ.ም.

ውድ መልአኩ፣

ደህንነትህን እሁድ ዕለት በስልክ ስለሰማሁ ሰላምታውን አላስረዝምም። የምጽፍልህ፣ ስልክ ላይ ስንገናኝ አንተ ታለቅሳለህ፣ እኔ ዝም እላለሁ፣ ነገሩም ሳይነገር ይቀራል ብዬ ነው። ስጨርስ ገጾቹን ፎቶ አንስቼ በዋትስአፕ እልክልሃለሁ።

ማክሰኞ ባለቤትህ ዉላን ጻፈችልኝ። ክለብህን ልትለቅ እንደሆነ፣ ለታኅሣሡ ውድድር ብሔራዊ ቡድኑ ቢጠራህ እንደማትሄድ ለአሰልጣኙ እንደነገርክ፣ ጠቅልለህ ወደዚህ ልትመጣ እንደሆነ ነገረችኝ። መጨረሻ ላይ "አባቱ ሊሞት ሲል ያዘዘው ነው ይለኛል። ማማ፣ እውነት ነው?" ብላ ጠየቀችኝ።

እውነት አይደለም። አባትህ "ኳሱ ይብቃው፣ ይምጣ" አላለም። ሲያርፍ ክፍሉ ውስጥ ከእኔ ሌላ ሰው አልነበረም። የእድራችን ሽማግሌ ጋሽ ሀይለየሱስ በስልክ የነገሩህ ኑዛዜ የራሳቸው የጋሽ ሀይለየሱስ ነው።

ይህን ካወቅህ ሌላውን ቀስ ብለህ አንብበው። አባትህ ስለ ኳስህ ያለውንም ያላለውንም ከእኔ በቀር የሚነግርህ ስለሌለ፣ ያየሁትን ልጻፍልህ።

እናትህ አዲስ አበባ ካረፈች በኋላ አባትህ ወደ እኛ ሲያስመጣህ ገና ትንሽ ነበርክ። "እትዬ" አልከኝ፤ እስከ ዛሬም እትዬ ነኝ፣ ቅር ብሎኝ አያውቅም። የፎቃችን ሊፍት ያኔም አይሠራም ነበርና በሩን ጎል አደረግኸው። ጎረቤት ሲጮህ አባትህ ወጥቶ ይቆጣሃል፤ ተመልሶ ሲገባ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "በግራው ነው እኮ የሚመታው" ይለኛል።

ከከተማ ወጣ ባለው ቶኮዛ ሰፈር፣ ኮንቴይነር ውስጥ፣ ስፓዛዋን፣ ያቺን ትንሽ የሰፈር ሱቅ፣ ስንከፍት ከጀርባዋ ባለው ሜዳ መዋል ጀመርክ። የሰፈሩ ልጆች መጀመሪያ እንደማንኛውም የውጭ አገር ባለሱቅ "ማይ ፍሬንድ" ይሉህ ነበር። ቆይቶ ዳቦ ሊገዙ ሲመጡ "ማላኩ አለ?" ማለት ጀመሩ። ያ ረብሻ ተነስቶ የሐበሻ ሱቅ ሁሉ ሲሰበር፣ አብረውህ የሚጫወቱት ልጆች ከእናቶቻቸው ጋር በራችን ላይ ቆመው ሱቃችን ሳይነካ አለፈ። አባትህ እስከዚያ ቀን ኳስ የሥራ ፈት ነገር ነው ይል ነበር። ከዚያ በኋላ ታኬታህን ራሱ ይገዛልህ ጀመር።

አንድ ክለብ ሲወድህና የጥገኝነት ወረቀትህን አይቶ አላስመዘግብም ሲልህ ሳምንት ሙሉ ከክፍልህ አልወጣህም። ወኪሉ ኢንዶኔዥያ የሚል ወሬ ይዞ የመጣው ያኔ ነው። ካርታውን በስልክህ ስታሳየው አባትህ መነጽሩን አድርጎ ብዙ አየና "ይሄ ሁሉ ደሴት? ብትጠፋ የትኛው ላይ ልፈልግህ?" አለ። ያም ሆኖ ፕሪቶሪያ ኤምባሲያችን ድረስ አብሮህ ሄደ። ለቅሶ ካልሆነ የማይለብሰውን ኮት ለብሶ ወረፋ ቆመ። ፓስፖርትህ ሲወጣ ገልጦ ፎቶህን አየና "እንግዲህ አገር አለህ" ያለህን አንተም አትረሳውም።

ኢንዶኔዥያ ከገባህ በኋላ ያለውን የሰማሁት ከአንተ ነው። ሁለተኛ ዲቪዚዮን፣ ጨዋታ የሚያቋርጥ ዝናብ፣ ጉልበትህ ተጎድቶ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ያለፈው ዓመት፣ በኋላም ግራ ተከላካይ ያደረገህ አሰልጣኝ። ዉላንን አገባህ። ኖረህ ኖረህ ዜግነት ሰጡህ፤ እነሱ ሁለት ዜግነት ስለማይፈቅዱ የእኛን መለስክ። መዝሙራቸውን ደረትህ ላይ እጅህን አድርገህ ስትዘምር የሚያሳየውን ቪዲዮ ላክህልን።

አባትህ እስከ መጨረሻው አየው። ስልኩን መለሰልኝና "አገር እንደ ጫማ ይቀየራል እንዴ?" አለ። ጀፕስታውን፣ ሐበሻው ጅምላ ተራ፣ ዕቃ ልናነሳ ስንሄድ አከፋፋዩ ብዙነህ "ጋሽ ስዩም፣ ክቡር አምባሳደሩ እንዴት ናቸው? ቪዛ አይሰጡንም?" እያለ ሲቀልድ ሰው ሁሉ ይስቃል፤ አባትህ ካርቶኑን ይቆጥራል። አንተ ስትደውል ስለ ዝናቡ ይጠይቅሃል እንጂ ስለ ማሊያው አንስቶብህ አያውቅም። "ባባ፣ አየኸኝ?" ስትለው "ኔትወርኩ አስቸገረኝ" ይልሃል። ኔትወርኩ ደህና ነበር። አላየህም። ተደብቆ ያይህ ነበር ብዬ ብጽፍልህ ደስ ይልህ ነበር፤ አልሆነም።

ኮሮናው ሲገባ የእናንተ ሊግ ተዘጋ፤ አንተ በአማትህ ግቢ ብቻህን ትሮጥ ነበር። እኛ የስፓዛዋን ፈቃድ ይዘን ቶኮዛ እንመላለሳለን። ሎክዳውኑ ላላ ሲል ሰው ተዘናጋ። በሁለተኛው ዓመት ሰኔ ላይ አባትህን አመመው። አልጋ ያለው ሆስፒታል ስላልተገኘ የእድሩ ሰዎች የኦክስጅን ማሽን ፈልገው ሰባተኛ ፎቅ ድረስ ተሸክመው አመጡልን። ከእነሱም አንዱ ጋሽ ሀይለየሱስ ነበሩ። በዚያ ሰሞን የኛን በር የሚያንኳኳ ሰው አልነበረም፤ ይህንንም እወቅላቸው።

አንተ ከብሔራዊ ቡድኑ ጋር ዱባይ ነበርክ። ጨዋታ ያላችሁ ቀን ውጤቱን በስልኬ እከታተል ነበር። አባትህ ዓይኑን ሳይገልጥ ጠየቀኝ።

"አለቀ?"

"አልቋል። ተሸንፈዋል።"

"እሱስ?"

"እስከ መጨረሻው ተጫውቷል።"

"እሺ" አለና ወደ ግድግዳው ዞረ።

ስለ አንተ የተናገረው ይህ ብቻ ነው። ምርቃት ይሁን አይሁን አላውቅም። እኔም ብዙ አስቤበት ምንም ስላልጨመረልኝ እንዳለ ጻፍኩልህ። በማግስቱ የስፓዛዋን ፍሪጅ ማን እንዳየው ጠየቀኝ፤ እግሬን ሞቀኝ ብሎ ካልሲውን አስወለቀኝ። ሌሊቱ ሲነጋ ማለዳ ላይ አረፈ። ኑዛዜ አልተናገረም። ለኑዛዜ የሚሆን ትንፋሽም አልነበረው።

የእድሩ ሽማግሌዎች ወዲያው ያልነገሩህ ሆቴል ውስጥ ነበርክና ነው። ብቻውን ላለ ሰው መርዶ አይነገርም አሉ። ኳራንቲንህን ጨርሰህ ቤትህ እስክትገባ ጠበቁ፤ ዉላን አጠገብህ መሆኗን አረጋገጡ። ቤትህ በገባህ ማግስት ማለዳ አምስት ሽማግሌዎች ማስክ አድርገው ሳሎናችን ተቀመጡ፤ ጋሽ ሀይለየሱስ ስልኩን ይዘው ነገሩህ። ጩኸትህ እኔ እስከቆምኩበት ማድቤት ድረስ ተሰማ። "ምን አለ? ስለ እኔ ምን አለ?" እያልክ ደጋግመህ ጠየቅህ። ሰዎቹ ተያዩ። ያኔ ነው ጋሽ ሀይለየሱስ "መርቆህ ነው ያረፈው። ልጄ ኳሱ ይብቃው፣ ከአገር አገር አይንከራተት፣ መጥቶ ቤቱን ይያዝ ብሎሃል" ያሉህ። ጩኸትህ ቀነሰ። ሁሉም አንገታቸውን ነቀነቁ፤ በእውነት የሰሙት ያህል።

ሌሎቹ ሲሄዱ ደረጃው ላይ ደረስኩባቸው።

"ጋሼ፣ ስዩም ይህን መቼ ነው ያለው?"

ማስካቸውን ወደ አገጫቸው አወረዱ። "ኤርጎጌ፣ አባትህ ሳይመርቅህ ሞተ ተብሎ ለልጅ ይነገራል?"

"ምርቃቱስ ይሁን። የጠየቅኩዎት ይምጣ አለ ስላሉት ነው።"

"አንቺስ? ያን ሱቅ ብቻሽን ልትይዢ ነው? ጧት በታክሲ፣ ማታ በታክሲ፣ ማን አለሽ? ኳስ እንደሆነ ነገ ጉልበቱ ያልቃል። ቢመጣ ማን ይጎዳል?"

ደረጃውን ወጥቼ ወደ ቤት ተመለስኩ። ለእኔ ብለው ነው ያደረጉት፤ እኔም እንዲህ የሚያስብልኝ ሰው ብዙ የለኝም። አንተ ደግሞ ያን ቃል ይዘህ እንቅልፍ መተኛት ጀመርክ። ለቅሶው ይውጣለት ብዬ ቆየሁ። እመጣለሁ ማለትህንም ሐዘን ያመጣው መስሎኝ ነበር። ክለብህን ትለቃለህ ብዬ አላሰብኩም።

ትናንት እጽፍለታለሁ ብዬ ነገርኳቸው። "የሽማግሌ ቃል ልታፈርሺ ነው? ሁለተኛ ማን መርዶ ይነግርልሻል?" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ስደውል አያነሱም። ይመለሳሉ ብዬ አስባለሁ፤ ባይመለሱም ይህን ደብዳቤ አልቀድም።

እንግዲህ ያለው ይህ ነው። አባትህ አገር መቀየርህን አልወደደም፤ ሲሞትም ወደድኩ አላለም። ተው አላለህም፣ ና አላለህም። ጉልበትህ እስኪያልቅ ብትጫወት የምትጥሰው ቃል የለም። ደህና አድርገህ ብትጫወትም ደስ አለው የሚልህ ሰው አታገኝም። ይህን መሸከም ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን ያንተው ነው፣ ሌላ ሰው አልሠራልህም።

አሰልጣኝህ ጋ ነገ ሂድ። የምትለውን አንተ ታውቃለህ።

ሱቁን በተመለከተ፣ ያለ ሰው ያስቸግራል፤ ቤቱም ሰፍቶብኛል። እንድትመጣ የሚፈልግ ሰው አለ ከተባለ እኔ ነኝ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ አሁን ለአንተ መጻፌም በሟች ስም እንዳይመጣብህ ብዬ ነው። እኔ በሕይወት አለሁ፤ እኔን እምቢ ማለት ትችላለህ።

ዉላንን ሳምልኝ።

እትዬ ኤርጎጌ