ድንኳን ያየ ለቀስተኛ

ሚያዝያ 14
ለድራማው ጥቁር ጨርቅ ግዢ ተብዬ ለገሃር ሄድኩ። ስመለስ ታክሲው መውረጃዬን ካዛንቺስን አለፈ። «ወራጅ አለ» ማለት አቃተኝ... ዑራኤል ሌላ ሰው ሲወርድ ተከትዬ ወረድኩ። በእግሬ ተመለስኩ።
ዳግም «የት ቆየሽ?» አለ። የኮሌጃችን ድራማ ደራሲም አዘጋጅም እሱ ነው። በዚህ ሙቀት ሻርፕ ያደርጋል።

ሚያዝያ 16
ገጸ ባሕሪ ተደለደለ። ቅድስት ወንድሟ የሞተባት ልጅ ሆነች። እኔ ታናሽ እህቷ... ጥግ ተቀምጬ ዝም። አንዲት ቃል እንዲሰጠኝ ልለምነው ነበር። ቀደመኝ።
«ያንቺ ዝምታ፣ ማለቴ፣ በጣም ናቹራል ነው!»
አመሰግናለሁ አልኩት። ለምኑ?

ሚያዝያ 23
ድራማው ግቢ ውስጥ፣ በእውነተኛ የእድር ድንኳን ይታያል ተባለ። እማዬ ከእድራችን ለምና አመጣችልን።
ዳግም «ድንኳኑ የህሊናችን ምልክት ነው፣ ገባችሁ?» አለ።
ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን። ቅድስት ብቻ «በር ላይ ማስታወቂያ እንለጥፍ» አለች።
«አርት አይብራራም!»

ግንቦት 2
ድራማው ዛሬ ታየ። ቅድስት ልታለቅስ ስትዘጋጅ እማማ ወለተማርያም፣ ከኮሌጁ አጥር ማዶ ያሉት፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እየጮሁ ገቡ። ከኋላቸው የሰፈር እናቶች። ድንኳን አዩ፣ ለቅሶ ደረሱ። በቃ።
ቅድስት ቃሏ ጠፋት። ዳግም ከመጋረጃ ጀርባ «አስወጧቸው!» ይላል። ለቀስተኛ ይባረራል እንዴ?
እማማ መጥተው እኔን አቀፉ። «ልጄ፣ ማን ሞተብሽ?»
ሰው ሁሉ ያየኛል...
«ወንድሜ!» አልኩ። ጮክ ብዬ። የማን ድምፅ ነው? ከዚያ የቅድስትን ቃል በሙሉ ለቀቅኩት። ጥግ ተቀምጬ ስሰማው ከርሜ የለ? እናቶቹ አለቀሱ። ተመልካቹም። ቅድስትም፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቧ።

ግንቦት 3
ይቅርታ ልጠይቅ እማማ ቤት ሄድኩ።
«እማማ፣ ድራማ እኮ ነበር...»
«መሃል ላይ ገባኝ። ያን ሁሉ ሰው አስለቅሼ እንዴት ልነሳ?» ቡና እየቀዱልኝ፣ «ንፍሮ አለማዘጋጀታችሁ ግን ነውር ነው!»
ዳግም «እናቶቹን የጠራሁት እኔ ነኝ» እያለ ነው። ሻርፑ ሁለት ሆኗል።

ግንቦት 8
ዳግም ለሚቀጥለው ድራማ ፈለገኝ። «ዝምተኛ ጎረቤት ትሆኛለሽ።»
«ቃል ከሌለኝ አልሠራም።»
አፉን ከፍቶ ቀረ። በጣም ናቹራል ነበር።
ከለገሃር ስመለስ «ወራጅ አለ!» አልኩ። የታክሲው ሰው በሙሉ ዞረ። ረዳቱ፣ «ኧረ ሰምተናል፣ እህቴ!»
ገና ባምቢስ ነበርን። ካዛንቺስ አልደረስንም። ወረድኩ።