አባዬ ከሰው ሁሉ ጋር ያወራል

ዓርብ፣ ጁን 20 — ሉዊስ ሴንተር፣ ኮለምበስ አጠገብ

ሻንጣውን እንደገና ከፈትኩት። የአባዬ የግፊት መድኃኒት ገብቷል። ሹራቡ ገብቷል። የልጄ የሚካል ቻርጀር አልገባም፤ ራሷ ትፈልገው፣ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ዳዊት አይመጣም። አለቃው ኦፍ አልሰጠውም። ባሌ ባይመጣም አልከፋኝም፤ እሱ ካለ ወሬው ሁሉ ስለ ሥራና ስለ መኪና ነው።

ለምን እንደምንሄድ ለአንተ ብቻ ልንገርህ፣ ማስታወሻዬ። እማዬ ካረፈች በኋላ አባዬን አመጣነው፤ ይኸው ሦስት ዓመት ሆነው። የሚውለው ቤዝመንት ሶፋው ላይ ነው። ዩቲዩብ ያያል። እሁድ ቤ/ክ ይሄዳል። እንዴት ዋልክ ስለው ጌታ ይመስገን ይለኛል። በቃ። እኔ ነርስ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ደብሊን በሚሏት የኮለምበስ ሰፈር፣ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ፣ ከፈረንጅ ሽማግሌዎች ጋር ሳወራ እውላለሁ። ቤት ስገባ ከገዛ አባቴ ጋር የምንለዋወጠው አንድ መስመር አይሞላም። ወጣት ሳለ ምጽዋ፣ ባሕር ኃይል ውስጥ፣ የጀልባ ሞተረኛ ነበር። ይህን አውቃለሁ። ከዚህ የዘለለ አላውቅም። ውሃ ሲያይ ይናገር ይሆናል ብዬ ሐይቅ ዳር ቤት ተከራየሁ።

ሚካል ዋይፋይ አለው ወይ ትላለች። አለው።

ቅዳሜ፣ ጁን 21 — ኢሪ ሐይቅ

ሁለት ሰዓት ያህል ነዳሁ። አባዬ መንገዱን ሙሉ ተኛ፣ ወይም የተኛ መሰለ።

ማዶው አይታይም። ሐይቅ አይመስልም፣ ባሕር ነው። ቤቱ ከፎቶው ያንሳል። ደግሞ ግድግዳው፣ መስኮቱ፣ የመንገድ መብራቱ ሁሉ ሜይፍላይ በሚሏቸው ረጅም ጭራ ባላቸው ነፍሳት ተሸፍኗል። ሲረገጡ ኮሽ ኮሽ ይላሉ። ሚካል ከመኪና አልወርድም አለች። ለዚህ ነው ተጨማሪ ፈረቃ እየሠራሁ ዕረፍት ያጠራቀምኩት።

የጎረቤት ሴትዮ መጥረጊያ ይዛ መጣች። ጆአን ትባላለች። ሰማንያ ያለፋት፣ ፀጉሯ እርጥብ፣ ከዋና መውጣቷ ነው። ፒያኖ ታስተምር ነበር። በረንዳችንን እየጠረገች ስለ ነፍሳቱ አስረዳችኝ፦ ከውሃው ነው የሚወጡት፣ አንድ ቀን ኖረው ይሞታሉ፣ ሲበዙ ሐይቁ ጤነኛ ነው ማለት ነው። እንደ ዘመዶቿ ነው የምትከራከርላቸው። አባዬ ባርኔጣውን አንሥቶ እጅ ነሣት፣ እትዬ ጆአን አላት። ትርጉሙን ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። ደስ አላት። እስከ ማታ ለሰፈሩ ሁሉ አውርታለች።

ውሃውን አየኸው ወይ አልኩት። አየሁት አለ።

እሁድ፣ ጁን 22

የቤ/ክ ፕሮግራም በስልክ ከፍቼ ሦስታችን እናያለን ብዬ ነበር። መዝሙሩ ሳያልቅ አባዬ የለም።

ጀልባ ማሠሪያው ጋ አገኘሁት። አንድ ሆዱ የተገፋ፣ እጁ በዘይት የጠቆረ ሰው አጠገብ ባልዲ ደፍቶ ተቀምጧል። ሰውየው ዳሪል ነው፤ ጀልባ ይጠግናል፣ ክረምት ክረምት የሰው ጀልባ መጋዘን ውስጥ ያስቀምጣል። አባዬ ዳርዮስ ብሎታል። ሰውየውም አቤት ይላል።

ዳሪልን አወራሁት። ኮለምበስ የሄደው ሁለት ጊዜ ነው፣ ሁለቱንም ጊዜ መንገድ ጠፍቶታል፣ ሦስተኛ አይሄድም። ሚስቱ ፍሎሪዳ ሄዳ ቀረች። አይፈርድባትም፤ ብርዱን አልቻለችውም። ይህን ሐይቅ እንዳታምኚው አለኝ። ጥልቀት ስለሌለው ማዕበሉ ባንድ አፍታ ነው የሚነሣው። በአምስት ደቂቃ የሕይወት ታሪኩን ነገረኝ። የኔ አባት አጠገቡ ተቀምጦ ፈገግ ይላል።

ሰኞ፣ ጁን 23

ዛሬ ተዘጋጅቼ ነበር። ቁርስ ላይ፣ ሚካል ሳትነሣ፣ እንቁላል ጠብሼ ተቀመጥኩ። ከእማዬ ጋር እንዴት ተዋወቃችሁ አልኩት። በሰው በሰው አለ። ምጽዋ እንዴት ነበር? ይሞቃል አለ። እንቁላሉን ጨርሶ እጁን ታጠበ፣ አመስግኖኝ ባርኔጣውን አነሣና ወጣ።

ከሰዓት በኋላ ዳሪል መንገድ ላይ አስቆመኝ። አባትሽ ባሕር ውስጥ ስለወደቀበት ጊዜ የነገረኝ ታሪክ አይረሳኝም አለ። ጓደኛው በፀጉሩ ጎትቶ አወጣው አይደል? እንዴት ያለ ጎፈሬ ቢኖረው ነው። እየሳቀ ነው የሚያወራኝ። እኔም ሳቅኩ፣ እንደማውቅ ሰው።

አላውቅም። አባቴ ሊሰምጥ እንደነበር ከዳሪል ሰማሁ። በየት ቋንቋ ነገረው? ቤት ገብቼ ጠያየቅኩ። ሚካል ስልኳን ሳትለቅ፣ በእንግሊዝኛ፣ እኔ ነኝ ያስተረጎምኩለት አለች። አንቺ አማርኛ ትችያለሽ እንዴ? እሰማለሁ እኮ አለች። ማንም አልጠየቀኝም አለች።

ተናድጃለሁ። በማን እንደሆነ አላውቅም።

ረቡዕ፣ ጁን 25

ሁለቱ ሽማግሌዎች ጠዋቱን ሙሉ አንድ አሮጌ የጀልባ ሞተር ላይ ተደፍተው አረፈዱ። አባዬ ትእዛዝ ይሰጣል፤ ግማሹ እንግሊዝኛ፣ ግማሹ ጣሊያንኛ፣ የቀረው እጅ። ሞተሩ አልተነሣም። ጥቁር ጭስ ተፋና ዝም አለ። አባዬ ድሮም አላውቅበትም ነበር፣ አለቃዬም ይሉኝ ነበር አለ። ሚካል ተረጎመች። ዳሪል መሬት ላይ ተቀምጦ ሳቀ። አባዬ ጥርሱ እስኪታይ ሳቀ። ቆሜ አየሁት። እንዲህ ሲስቅ መቼ እንዳየሁት ለማስታወስ ሞከርኩ፣ አልመጣልኝም።

ከዚያ ዳሪል አለኝ፦ ወርክሾፑ ላይ፣ ፎቁ፣ ባዶ ክፍል አለ። አልጋም መታጠቢያም አለው። አባትሽ በጋውን ቢቆይ ደስ ይለኛል፣ ሰው አጣሁ።

አመሰግናለሁ፣ አይሆንም አልኩ። ቤት ስንገባ አባዬ ራሱ አነሣው። እዚህ ልቆይ አለኝ። የግፊትህ ነገርስ? ሐኪምህስ? ቤ/ክስ? ቢያምህ በምን ቋንቋ ልትናገር ነው? አንድ በአንድ ቆጠርኩለት። አዳመጠኝ።

እሺ ልጄ አለ።

እሺ። ይህች እሺ ነች የምትገድለኝ። ቢቆጣኝ እመልስለት ነበር።

ኀሙስ፣ ጁን 26

እንደሆነው ልጻፈው።

ጆአን እራት ጠራችን። በረንዳዋ ላይ፣ የተጠበሰ ዓሣ፣ የተቀቀለ በቆሎ። ጆአን የመጣላትን ነው የምትጠይቀው። አባዬን አየችና ኮለምበስን ለምን አትወደውም አለችው። ተረጎምኩ። አባዬ ሹካውን አስቀመጠ።

«ኮለምበስ ምን አደረገኝ» አለ። «ልጄ ጥሩ አድርጋ ትይዘኛለች። መድኃኒት ወሰድክ ወይ ትለኛለች። በላህ ወይ፣ በረደህ ወይ ትለኛለች። ሌላ ነገር የሚጠይቀኝ ሰው ግን የለም። እዚህ ሰው ሌላ ነገር ይጠይቀኛል።»

ጆአን እኔን እያየች ትጠብቃለች። ኮለምበስን በጣም ይወደዋል፣ ሙቀቱ ብቻ ነው የሚያስቸግረው አልኳት።

ሚካል ከበቆሎዋ ቀና አለች። «እማዬ፣ እንደሱ አላለም» አለች በእንግሊዝኛ። ከዚያ ያለውን አንድ ሳታስቀር ለጆአን ነገረቻት። መድኃኒቱን፣ ብርዱን፣ ሁሉንም። ክፋት የለባትም፣ ማስተካከሏ ነው።

ጆአን ሳህኔ ላይ ዓሣ ጨመረችልኝ። አባዬ እንግሊዝኛው ባይገባውም ነገሩ ገባው፤ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ ያዞራል።

ሰኞ ጠይቄው ነበር እኮ! እንቁላል ጠብሼ ጠይቄው ነበር። በሦስት ዓመት አንድ ሰኞ።

ዓርብ፣ ጁን 27

ስነሣ አባዬ የለም። አልጋው ተነጥፏል፣ ሻንጣው ተዘግቶ በር ላይ ቆሟል። ነገ ልንመለስ ነው ብሎ አስቀድሞ መዝጋቱ ነው። ወርክሾፑ ዝግ። የዳሪል ጀልባም የለም። ሐይቁ ጠቁሯል፣ ነፋሱ ከምዕራብ ነው። ዳሪል ያለኝ ትዝ አለኝ።

ማሠሪያው ጫፍ ላይ ቆምኩ። ለዳሪል ስደውል ስልኩ አይገባም። ጆአን መጣች፣ ፎጣዋን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገች። ስለ ልጇ ነገረችኝ። እኛው ጋ፣ ኮለምበስ አጠገብ፣ ጋሃና ነው የሚኖረው። ይህን ቤት ሸጣ አጠገቡ፣ ሽማግሌዎች መኖሪያ እንድትገባ ይፈልጋል። እሁድ እሁድ ይደውላል። እንደ ነርስ ነው የሚያናግረኝ አለች። እኔ ነርስ ነኝ አልኳት። አውቃለሁ አለች። ከዚያ ትወደዋለሽ ወይ አልኳት፣ እንዲሁ አምልጦኝ። እጅግ አለች፤ ስልኩን ሳነሣ ግን ይደክመኛል።

ጀልባው መጣ። እየዘለለ፣ እየተመታ። አባዬ ከፊት ገመዱን ይዞ ቆሟል፣ ውሃ በውሃ ሆኖ። ገና ሳይወርድ ጮኽኩበት። በሰው ፊት። ሰባ አራት ዓመትህ ነው፣ ልብ የለህም፣ ብትሞትስ፣ እኔ ምን እላለሁ፣ እማዬ ብትኖር። በሕይወቴ አባቴን እንደዚያ ተናግሬው አላውቅም። ዳሪል አንገቱን ደፋ። ጆአን ጩኸቴን ሰምታ የመጣችውን ሚካልን ይዛት ሄደች።

አባዬ እስክጨርስ ጠበቀኝ። አጠገቤ እንጨቱ ላይ ተቀመጠ። «እናትሽን እንዴት እንዳገኘኋት ጠይቀሽኝ ነበር» አለ።

እማዬ ምጽዋ የመጣችው ወንድሟን ልትጠይቅ ነው። ወንድሟ የአባዬ ጓደኛ ነው፤ በፀጉሩ ጎትቶ ያወጣው እሱ ነው። ሁለቱ ጓደኛሞች ጀልባ ላይ አወጧት። እማዬን ውሃው አዞራት፣ የአባዬ ነጭ ዩኒፎርም ላይ አስመለሰች። አፍራ ሦስት ቀን ከቤት አልወጣችም። ይህን ሲናገር ፊቱ ሌላ ሰው ሆነ። ከዚያ ጦርነቱ። አባዬ በሕይወት ወጣ፣ ወንድሟ አልወጣም።

«ባሕር በቤቴ አይነሣ አለችኝ» አለ። «እሺ አልኳት። ጓደኛዬ ነበር፣ እኔም ማውራት እፈልግ ነበር። ግን እሺ አልኳት። ከዚያ ለመደብኝ። እናትሽ ካረፈች በኋላም አፌ አልፈታ አለኝ። ዳርዮስ አያውቃትም። ለሱ ስናገር እሷን የምከዳት አይመስለኝም።»

አጎት እንደነበረኝ አውቃለሁ። ታሞ ነው የሞተው ተብዬ ነው ያደግኩት።

ምን ልበለው? ልብስህን ቀይር፣ ይበርድሃል ልለው ነበር። ዋጥኩት። አጎቴ ስሙ ማን ነበር አልኩት።

«ኃይሉ» አለ። ስለ ኃይሉ እስከ ምሳ ነገረኝ።

ሰኞ፣ ጁን 30 — ሉዊስ ሴንተር

ልቆይ ያለውን እሺ ብዬው፣ አባዬን ትቼው መጣሁ። ከዳሪል ጋር፣ ፎቁ ላይ። መድኃኒቱን ለጆአን አሳየኋት፣ እሷም ከእኔ በላይ ታውቃለች፣ ያንኑ ነው የምትውጠው።

ይሻለኛል ብዬ ነበር። አልተሻለኝም። ትናንት ቤ/ክ በር ላይ ሁሉም ጋሼ ታደሰ የት አሉ ይላል። አንዷ እህት፣ አባትሽን ፈረንጅ ዘንድ ጣልሻቸው እንዴ አለችኝ። እየሳቀች ነው፤ ግን አለችው። እዚያ ብትኖሪ እንዴት እንደሚስቁ ባየሽ ልላት ፈልጌ እሳቸው ናቸው የፈለጉት አልኩ። ፊቷ አላመነኝም። ዳዊት መኪና ውስጥ ተይው አለኝ። እንዴት ነው የሚተወው?

ዛሬ ከሥራ ደወልኩ። አባዬ ስልክ አያነሣም። ዳሪልን ኮል አደረግኩት፣ ውሃ ላይ ነው አለኝ። ደህና ነው? ደህና ነው። በላ? በላ። ሌላ የምጠይቀው ስላጣሁ ዘጋሁት። ይኸው፣ አልተማርኩም።

ከእማዬ ጋር ተጣልቻለሁ። ከሞተች ሴት ጋር መጣላት እንዴት ያለ ነገር ነው። ኃይሉን ደበቀችኝ። ግን ወንድሟ ነበር፤ እኔ ምን አውቃለሁ።

ማክሰኞ፣ ጁላይ 1

አባዬ ራሱ ደወለ። ቀድሞ ደውሎልኝ አያውቅም። ሞተሩ ዛሬም አልተነሣም አለኝ። ዳሪል ልሽጠው ብሎ ነበር፣ አባዬ ከልክሎታል። በስልኩ ውስጥ ነፋሱ ይሰማኛል። ኃይሉ ዓሣ አይበላም ነበር፣ ባሕር ኃይል ሆኖ ዓሣ አይበላም አለኝ። ለምን አልኩ። ረጅም ታሪክ ነው፣ በስልክ አይሆንም አለ።

ሱፐርቫይዘሬን አነጋገርኩ። የቅዳሜ ፈረቃዬን ለሌላ ሰጠች፤ በጁላይ አራት በዓል ሳምንት ብላ ፊቷን አጠቆረችብኝ፣ ታጥቁር። ሚካል ልምጣ ወይ አለች። የሚቀጥለው ጊዜ አልኳት። ዳዊት መንገዱ ይጨናነቃል ይላል። ይጨናነቅ። ብቻዬን ነው የምሄደው። ጀልባው ላይ እወጣለሁ። ዋና አልችልም፣ እንደ እማዬ ያዞረኝም ይሆናል፣ ግን እወጣለሁ።