ውኃው ተመልሶ እንዳይመጣ የደከሙት የአቶ አምሐ ጥዑመ ልሳን የሕይወት ታሪክ
(1951–2017 ዓ.ም.)

አቶ አምሐ ጥዑመ ልሳን ከጣና ሐይቅ ማዶ፣ በደልጊ ከተማ፣ የዜማ መምህር ከነበሩት ከአባታቸው ከመሪጌታ ጥዑመ ልሳን ተክለ ጊዮርጊስና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተ ሚካኤል ሀዲስ በሰኔ ወር 1951 ዓ.ም. ተወለዱ። ፊደልና ዳዊት በአባታቸው እግር ሥር ቆጥረው ዘመናዊ ትምህርት እንደ ጀመሩ መሪጌታ በድንገት ዐረፉ። ከዚያ ወዲህ ቤቱን የያዙት ታላቅ ወንድማቸው አቶ ጌትነት ናቸው። አቶ ጌትነት የራሳቸውን ትምህርት ትተው ታንኳና መረብ ያዙ፤ አምባዛ እያጠመዱ እናታቸውን ጦሩ፣ ታናሻቸውን አስተማሩ። አቶ አምሐም ይህን ሳይረሱ "እኔ በአሣ የተማርሁ ሰው ነኝ" ይሉ ነበር።

በ1966 ዓ.ም. በጀልባ ሐይቁን ተሻግረው ባሕር ዳር ገቡ። ሁለተኛ ደረጃን ጨርሰው በቧንቧ ሥራ ሙያ ከሠለጠኑ በኋላ በ1972 ዓ.ም. በውኃ ሥራ ተቀጠሩ። በ1979 ዓ.ም. የዱርቤቴ ተወላጅ ከሆኑት ከወይዘሮ የብርጓል ገብረ መስቀል ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ሔራንን፣ ቃለ ሕይወትንና ምሥጋናን ወልደዋል።

ለብዙ ዓመታት ቦይ ሲያስቆፍሩና ቧንቧ ሲቀጥሉ ከቆዩ በኋላ ወደ ፍተሻ ተዛወሩ። ሆቴል፣ ክሊኒክ ወይም ላቫጆ ከከተማው መስመር ውኃ ሲያስገባ፣ በመግቢያው ላይ የገባውን ውኃ ተመልሶ እንዳይወጣ የሚያግድ ቫልቭ ሊኖረው ይገባል። በፈረቃ ውኃ ሲጠፋ የመስመሩ ግፊት ይወድቅና ቧንቧው በተራው መሳብ ይጀምራል፤ ቫልቭ ከሌለ በአንዱ ግቢ ያለው ቆሻሻ በጎረቤቱ ብርጭቆ ይመጣል። ዕቃው ደግሞ ያረጃል፣ አሸዋ ይገባበታል። ስለዚህ አቶ አምሐ በየዓመቱ በየግቢው እየዞሩ፣ የግፊት መለኪያ ጌጅ እየገጠሙ፣ መያዝ አለመያዙን ይፈትሹ ነበር።

ሰው የሚወደው ሥራ አልነበረም። ዘበኛው "ኃላፊው የሉም" ይላቸዋል። ኃላፊው ሲገኙ "ውኃው ራሱ በሌለበት ምኑን ነው የሚፈትሹት?" ይሏቸዋል። አንዱን ግቢ አስተካክለው ሲወጡ ባለፈው ዓመት ያስተካከሉት ተበላሽቶ ይጠብቃቸዋል። ቤታቸው ሲገቡ ጫማቸውን ሳይፈቱ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብለው ይቆዩ ነበር። ወይዘሮ የብርጓል "አንተ ሰው፣ ይህን ቧንቧ ተወው እንግዲህ፤ አንድ ቀን እንኳ ያመሰገነህ የለ" ሲሏቸው "የሚያመሰግኑኝማ አንድ ነገር ሲበላሽ ነው፤ ይቅርብኝ" ብለው ወደ ጫማቸው ጎንበስ ይሉ ነበር።

የሐይቁ አሣ እየሳሳ ሲሄድ አቶ ጌትነት በ1998 ዓ.ም. ቤተሰባቸውን ይዘው ባሕር ዳር መጡ፤ በወንድማቸው ምክርም ላቫጆ ከፈቱ። በ2004 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር፣ ውኃ በፈረቃ በነበረበት ሰሞን፣ ከላቫጆው አጠገብ ባለ መዋዕለ ሕፃናት ከቧንቧው አረፋ ወረደ፤ ሕፃናትም ታመሙ። አቶ አምሐ መስመሩን ተከትለው ሲፈልጉ የደረሱት ከወንድማቸው ግቢ ነው። ቫልቭ አልነበረም። ሠራተኞቹ ሁላችንም በየቤታችን እንደምናደርገው ቧንቧውን ከፍተው፣ ጎማውን በርሜል ውስጥ ነክረው፣ ውኃ እስኪመጣ ይጠብቁ ነበር። በርሜሉ ውስጥ የነበረው ግን ሳሙናና ናፍጣ ነው።

አቶ አምሐ መስመሩን በገዛ እጃቸው ዘጉት። አቶ ጌትነት ተራ በያዙት የባጃጅ ሾፌሮች ፊት "በውኃ ያሳደግሁህ ልጅ ውኃ ትዘጋብኛለህ?" አሏቸው። አቶ አምሐ ዕቃቸውን ሰብስበው ወጡ። ሽማግሌዎች ሲገቡ "ድንጋይ ተሸክሜ እግራቸው ላይ እወድቃለሁ፤ ቫልቩ ሳይገጠም ግን አልከፍትም" አሉ። አቶ ጌትነት ሽማግሌዎቹን መለሱ። ሕፃናቱ ዳኑ፤ ቫልቩም ተገጠመ፤ ውኃውም ተከፈተ። ወንድማማቾቹ ግን እንደ ተዘጋጉ ቀሩ። በለቅሶና በሠርግ ቤት አንዱ ሲቀመጥ ሌላው ይነሣ ነበር። አቶ ጌትነት "እሱ ግቢዬን እንዳይረግጥ" ስላሉ በየዓመቱ ለፍተሻ የሚሄደው ሌላ ሰው ነበር። ባልደረባቸው ከዚያ ሲመለስ አቶ አምሐ ስለ ቫልቩ ከመጠየቃቸው በፊት "ጋሼ ደህና ናቸው? ከሳ አላሉም?" ብለው ይጠይቁት ነበር።

በ2011 ዓ.ም. በጡረታ ተገለሉ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የልብ ሕመም አደከማቸው፤ ከአልጋ እስከ በር መሄድ እንኳ ትንፋሽ ያሳጥራቸው ጀመር። በያዝነው ዓመት ከጥምቀት በኋላ አቶ ጌትነት ምርኩዛቸውን ይዘው ሳይታሰብ ወደ ወንድማቸው ቤት መጡ። ስለ ቂሙ አንድም ቃል አላነሡም። "አምሐ፣ ያን ዕቃ ማን ያየዋል? የሚላኩት ሁሉ ከላይ ዐይተው 'ደህና ነው' ብለውኝ ይሄዳሉ" አሉ። አቶ አምሐም "ጋሼ፣ ነገ እመጣለሁ" አሉ። ወይዘሮ የብርጓል "ከበር መድረስ አቅቶህ!" ብለው ቢቆጡም በማግሥቱ ልጃቸው ቃለ ሕይወት በባጃጅ ወሰዳቸው።

ቫልቩ ዘንድ በርከክ ብለው ጌጁን ገጠሙ። ታላቅየው ብብታቸውን ይዘው ደገፏቸው። መርፌው ቀስ እያለ ወረደ።

"አይይዝም፣ ጋሼ።"

"ዛሬም ልትዘጋብኝ ነው?"

"አዎን፣ ጋሼ። ልዘጋብዎ ነው።"

አቶ ጌትነት "አንተ ተቀመጥ" ብለው ራሳቸው ጎንበስ አሉና መዝጊያውን አዞሩት። ሾፌሮቹ እያጉረመረሙ ሲሄዱ ሁለቱ ባዶ ባልዲ ገልብጠው ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ ምሳ እስኪደርስም ስለ ደልጊ አወሩ።

የታዘዘው አዲስ ቫልቭ ሳይደርስ የአቶ አምሐ ሕመም ጠናባቸው። በሐኪም ሲረዱ ቆይተው መጋቢት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ65 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ የብርጓል፣ ሦስት ልጆቻቸው፣ የልጅ ልጃቸው ትንቢትና ወንድማቸው አቶ ጌትነት በሕይወት አሉ።

ትናንት ድንኳኑ ሲተከል የዕድር ልጆች ጎማውን ለለቅሶው ውኃ በሚቀዳበት በርሜል ውስጥ ነክረውት ሄዱ። አቶ ጌትነት ከተቀመጡበት ተነሥተው፣ ጎማውን አውጥተው፣ ጫፉን ከበርሜሉ አፍ ከፍ አድርገው በገመድ አሰሩት። ለለቅሶ የመጣችሁ ሁሉ ጎማውን እንዳለ እንድትተዉት ቤተሰቡ ይለምናችኋል።

በብዙ ሰው በር ላይ ቆመው የጠበቁትን እኚህን ሰው፣ እግዚአብሔር በእሱ በር ሳያቆም ያስገባልን። አሜን።